ለተማሪ የሚሆን ኔት ድሬ ውስጥ፦ የእህቴ ልጅና እኔ የሞከርነው ሁሉ

«አጎቴ፣ የዋይፋይ ፓስወርድ የሚሰብር አፕ አለ አሉ። ስልኬ ላይ ትጭንልኛለህ?»

እንዲህ ያለችኝ የእህቴ ልጅ ናት። 11ኛ ክፍል ናት፣ ሳቢያን ሰፈር እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ልትሰብረው ያሰበችው ዋይፋይ የትምህርት ቤቷን ቢሮ ነው። ለክፋት አይደለም። የባዮሎጂ አሳይመንት ሰኞ ይሰበሰባል፣ መጽሐፉ እጇ ላይ የለም፣ ያላት በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ነው፣ እሱም ግማሽ ሳይወርድ ካርዷ አለቀ።

አይሆንም አልኳት። ግን አይሆንም ብዬ ብቻ ብተዋት ነገ ሌላ ሰው ይጭንላታል። ስለዚህ ቃል ገባሁላት። ተማሪ በሕጋዊ መንገድ ኔት የሚያገኝበትን የድሬ በር ሁሉ አብረን እናንኳኳለን አልኳት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ዞርን። ያየነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍላችኋለሁ። ልጅ ወይም ታናሽ ያላችሁ፣ ራሳችሁም ተማሪ የሆናችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

መጀመሪያ ስለዚያ አፕ። አብረን ፕሌይ ስቶር ላይ ፈለግነው። አብዛኞቹ ምንም አይሰብሩም። ማስታወቂያ ያዘንቡባችኋል፣ ከዚያ ኮንታክታችሁንና ሜሴጃችሁን ለማየት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቴሌብር ያለበት ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጫን በገዛ እጅ የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው። ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኔትወርክ ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። ክፍል ውስጥ ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

አሁን ወደ ሞከርናቸው።

የሞባይል ዳታ

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛ ድሬዎች በዚህ ዕድለኞች ነን። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ የከፈተው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014። ስለዚህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ ካገኘን ቆየን፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው ሁለቱንም አስገብቶ ማወዳደር ይችላል። ማወዳደር የምላችሁ በማስታወቂያ አይደለም። እናንተ ሰፈር፣ እናንተ ክፍል ውስጥ፣ ልጁ በሚያጠናበት ሰዓት ሞክሩት። እኛ ቤት አንደኛው ሳሎን ውስጥ እየበረረ ጓዳ ስትገቡ ይሞታል፣ ሌላኛው ደግሞ ጠዋት ግሩም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲያወጣ መጎተት ይጀምራል።

የእህቴ ልጅ ዕለታዊ ትንንሽ ፓኬጅ ነበር የምትገዛው። የወሩን ስንደምረው ከወርሃዊ ፓኬጅ በላይ አውጥታለች። ይህ የብዙ ተማሪ ችግር ነው፣ በአንዴ የሚከፍለው ስለሌለው በትንሽ በትንሹ ብዙ ይከፍላል። መፍትሔው ከጎረቤት መጣ። ሦስት ልጆች አንድ ክፍል ናቸው፣ ማታ ማታ እኛ በረንዳ ላይ አብረው ነው የሚያጠኑት። ብር አዋጥተው አንድ ወርሃዊ ፓኬጅ ገዙና ከአንዷ ስልክ በሆትስፖት ይጠቀማሉ። ለዚህ 4 ከ5 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹን ቲክቶክ ስለበላው ነው። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጡ፣ ሆትስፖቱ የሚበራው ደብተር ከተከፈተ ብቻ ነው።

ዳታ የት እንደሚሄድ ልጆቻችሁን አስተምሯቸው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በ360 ፒ ጥራት ወደ 300 ሜጋ ይበላል። ያው ቪዲዮ በ720 ፒ ከ1 ጊጋ ያልፋል። የሒሳብ ቲቸር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ለማንበብ 360 ይበቃል፣ 144 ግን ቁጥሩን ያደበዝዘዋል፣ ሞክረነዋል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለው ላይ አውቶ ዳውንሎዱን ዝጉት። የክፍል ግሩፕ ላይ የሚለቀቀው ቪዲዮና ፎቶ ሁሉ ሳትነኩት ነው ፓኬጁን የሚጨርሰው። ከባድ ፋይል ካለ ደግሞ የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*999# ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ግን ልጅን ሌሊት አታስነሱ፣ እኔ ነኝ የማወርድላት።

ኢንተርኔት ቤት

ከዚራ አካባቢ አንዱ ጋ ገባን። ስሙን አልጠራም። ቦታው ጥሩ ነው፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ከባጃጅ ወርዳችሁ አምስት እርምጃ። ፍጥነቱም አይታማም። በሰዓት ተከፍሎ ይሠራል፣ ፕሪንትም ኮፒም እዚያው አለ፣ ሥራውን አዘጋጅቶ ለሚሄድ ተማሪ አንድ ሰዓት ይበቃል። ችግሩ ኮምፒውተሮቹ ናቸው። የእህቴ ልጅ ፍላሿን ሰክታ አሳይመንቷን አስቀመጠች፣ ቤት መጥታ ስትከፍተው ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ቫይረስ። ደግነቱ ፋይሉ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም፣ አወጣሁላት። ያን ምሽት ግን ያለቀሰችውን አልረሳም። ከሄዳችሁ ፍላሽ አትስኩ፣ ሥራችሁን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ለራሳችሁ ላኩት፣ ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ መውጣታችሁን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ከእሷ በፊት የተቀመጠው ልጅ ፌስቡኩ እንደተከፈተ ነበር የሄደው።

ካፌና ጁስ ቤት

ዋይፋይ አለን የሚሉ ካፌዎች ከዚራም ሳቢያንም ሞልተዋል። አንድ ጁስ ገዝታችሁ ሁለት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ለእኔ ይመቸኛል። ለ17 ዓመት ልጅ ግን አልወደድኩትም። ጁሱ ከዳታው ይወደዳል፣ ሲመሽ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ደብተር ዘርግታ የምትቀመጥበት ቦታ አይደለም። ክፍት ዋይፋይ ላይ ቴሌብርም ባንክም አትክፈቱ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ

አጭር ነገር ነው ግን ብዙ ተማሪ አያውቀውም። ኤዱሮም የሚባል ዋይፋይ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር በአንድ አካውንት የትም አገር፣ ኤዱሮም ባለበት ግቢ ሁሉ የሚገባበት። የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ አባል ከሆነ ሌላ ከተማ ለእንግድነት ስትሄዱም ይሠራል። አይሲቲ ቢሮ ሄዳችሁ አካውንት ጠይቁ፣ አያስከፍልም። የእኛዋ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላብ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ትልቁ ነገር እዚህ ነው።

ትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር ላብ አለው። 40 ማሽን ተደርድሯል። በሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ ነው። ኢንተርኔቱ የሚገባው ቢሮ ነው፣ ወደ ላቡ የተዘረጋ ገመድ አለ፣ ግን ተነቅሏል። ለምን ብዬ የአይሲቲ ቲቸሩን ጠየቅኩት። ወጣት ነው፣ ቅን ሰው ነው፣ ደክሞታል። አምና ፓስወርዱ ከአንድ ተማሪ አፈትልኮ ግቢው ሁሉ ገባበት አለኝ። የቢሮው ሰው ሪፖርት መላክ አቃተው፣ አለቆች ተቆጡ፣ ገመዱ ተነቀለ።

ሒሳቡን እኔም ቁጭ ብዬ ሠራሁት። መስመሩ 10 ሜጋቢት ነው እንበል። 40 ማሽን እኩል ቢካፈለው ለአንዱ 250 ኪሎቢት ይደርሰዋል። ቪዲዮ ቀርቶ ፎቶ የበዛበት ገጽ ለመክፈት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ፓስወርዱ ወጥቶ 200 ስልክ ሲገባበት ደግሞ ለማንም ምንም አይደርሰውም። ፓስወርድ የሰረቀው ልጅ የሰረቀው ከቢሮው ብቻ አይደለም፣ ከ40 የክፍል ጓደኞቹም ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ለምን በግልጽ አንጠይቃቸውም?» አለች። ሐሳቡ የእሷ ነው።

ደብዳቤ ጻፉ። አምስት ተማሪዎች ፈረሙ፣ ወላጆችም ፈረምን። ኔት ይለቀቅልን አላሉም። የጠየቁት ይህን ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ላቡ ይከፈት፣ ያን ሰዓት ቢሮ ስለሌለ መስመሩን ማንም አይፈልገውም፣ 20 ተማሪ ብቻ ይግባ፣ ፓስወርዱን ቲቸር ብቻ ይጻፍ፣ እኛ መዝገብ ላይ ስምና መታወቂያ እየጻፍን እንገባለን፣ ማሽኖቹን ከአቧራ እናጸዳለን። ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ አንብበው ለአንድ ወር ሙከራ ፈቀዱ። ወሩ አልቆ አሁንም ቀጥሏል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ኀዘን ነበር። 20ው ማሽን በአንዴ ሲበራ ሁሉም የዊንዶውስ አፕዴት ማውረድ ጀመሩ፣ ለወራት ኢንተርኔት አላዩም። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚሽከረከር ክብ እያዩ ተቀመጡ። በሳምንቱ ቲቸሩ በየማሽኑ ሴቲንግ ገብቶ ኮኔክሽኑን ሚተርድ (ዳታው ተቆጥሮ የሚከፈልበት ነው ብሎ ዊንዶውስ እንዲቆጥብ የሚያደርግ) አደረገው፣ አፕዴቱ ቆመ፣ ገጾች መከፈት ጀመሩ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ይህን ባለማወቅ ስንት ላብ ኔቱ አይሠራም ተብሎ ተዘግቶ ይሆን እላለሁ።

ኔቱን አንዴ አውርዶ ሁልጊዜ መጠቀም

ሦስት ሰዓት በሳምንት ምን ይሆናል ትሉኛላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ኪዊክስን እስካይ ድረስ።

ኪዊክስ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ከ2007 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ አለ። ዊኪፔዲያን ሙሉውን በአንድ ፋይል አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት እንድታነቡት ያደርጋል። ስልክም ላይ ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነፎቶው ከ90 ጊጋ በላይ ነው፣ እሱን እርሱት። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ጥቂት ጊጋ ብቻ ነው፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ቋንቋው ይገባዋል። የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ጽሑፍ ነው፣ በጣም ትንሽ ቦታ ይይዛል። ሁለቱንም አንድ ቅዳሜ አወረድን። አሁን የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ናቸው። መብራት ቢጠፋ፣ ካርድ ባይኖር፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ሚቶኮንድሪያ ብላ ትፈልጋለች፣ ይመጣል።

እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1997 አካባቢ ክፍላችን ውስጥ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር፣ የዕድሜ እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አለፈ፣ ቆይ አንዴ ድገምልኝ የሚባል ነገር የለም። ያኔ አንድ ሙሉ የፊዚክስ ምዕራፍ አምልጦኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ይህች ልጅ አንድን ገጽ አምስት ጊዜ ስታነበው ሳይ ሆዴ የሚባባው።

ከዚህም የበለጠ ነገር አለ። የኮምፒውተሩ ኪዊክስ ውስጥ ሎካል ሰርቨር የሚል አለ። እሱን አብርታችሁ ኮምፒውተሩን ከላቡ ራውተር ጋር ካገናኛችሁት፣ የቀሩት ማሽኖች ሁሉ በብራውዘር ገብተው ከእሱ ያነባሉ። ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንድ ሰው ያወረደው ለ40 ሰው ይደርሳል። ቲቸሩ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አስነስቶ ይህን አደረገ፣ ስለዚህ ላቡ አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓትም ይከፈታል፣ የቢሮውን መስመር ሳይነካ። ኮሊብሪ የሚባልም አለ፣ በዚሁ መንገድ የሚሠራ፣ ካን አካዳሚ ቪዲዮዎችን ከነመልመጃው የያዘ። እሱ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። የ11ኛ ክፍል ሒሳብን ብቻ መርጠን አወረድን።

ፌት ግን ልቤን ወሰደው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የሳይንስ ሲሙሌሽን ነው፣ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ በኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ በካርል ዋይማን የተጀመረ። ነጻ ነው፣ አውርዳችሁ ያለ ኔት ትጠቀሙታላችሁ። ትምህርት ቤቱ የኤሌክትሪክ ላብ ዕቃ የለውም። ልጆቹ ኦምስ ሎው (የኦም የኤሌክትሪክ ሕግ) ሲሉ ቀመሩን እንጂ ነገሩን አይተውት አያውቁም። እዚያ ላይ ግን ባትሪ ጎትታችሁ ታመጣላችሁ፣ ሽቦ ትዘረጋላችሁ፣ አምፖል ታስገባላችሁ፣ ኤሌክትሮኑ ሲሄድ ይታያል። ሬዚስታንስ፣ ማለት ፍሰቱን የሚገታውን፣ ስትጨምሩ ፍሰቱ ይዘገያል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል። አንድ ልጅ፣ ከገንደ ቆሬ በእግሩ የሚመጣ፣ ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ባትሪውን ገልብጦ ፍሰቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቶ «አቦ! በሌላ በኩል ሄደ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ተነስተው ሄደው አዩለት። ቲቸሩ ያን ቀን ትምህርቱን ለዚያ ልጅ ለቀቀለት፣ ልጁ አስረዳቸው።

ለዚህኛው 5 ከ5፣ ቢኖር 6።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሜሞሪ ካርድና ፍላሽ ስትገዙ ተጠንቀቁ። እኔ ከአንድ ሱቅ 128 ጊጋ ተብሎ የገዛሁት ውስጡ 8 እንኳ አልነበረም። ፋይሉን ይቀበላል፣ የተቀመጠ ያስመስላል፣ ስትከፍቱት የለም። ኤች2 ቴስት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን ከመጠቀማችሁ በፊት በእሱ ፈትሹት፣ ካርዱ ሳይፈተሽም ለሻጩ ገንዘብ አትክፈሉ። ሁለተኛ፣ ኪዊክስ ላይ ያለው ጽሑፍ ከወረደበት ቀን ወዲህ አይታደስም። ለባዮሎጂና ለታሪክ ችግር የለውም፣ ለዜናና ለውጤት ማያ አይሆንም፣ ለእሱ የበረንዳው ሆትስፖት አለ።

ይህን ሁሉ ምን አስጨነቀህ የሚል ሰው ካለ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው በፈተናው ቀን የሆነ ልጅ መልሱን እያወቀ ሰዓቱ ያልቅበታል። የእህቴ ልጅ በጥቅምት በአንድ ጣት ነበር የምትጽፈው። አሁን ኪቦርዱን ሳታይ ስሟንና የአባቷን ስም ትጽፋለች።

ላቡን መጠየቅ ለምትፈልጉ ወላጆች፦ ከዳይሬክተሩ በፊት የአይሲቲ ቲቸሩን አግኙ፣ ሸክሙ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። ቅዳሜ ቁርሱን ሳይበላ ነው የሚመጣው፣ እኛ ተራ ገብተን ፉል እንወስድለታለን። ቀኑን ስትመርጡም የአርብ ስግደትን ሰዓት አስቡ፣ ግማሹ ልጅ እንዳይቀር።

የቀረን ሙቀቱ ነው። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ የሰርቨሩ ላፕቶፕ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ለጊዜው ላፕቶፑን ከመስኮቱ አርቀን በሁለት ጡብ ላይ አስቀምጠነዋል፣ ከሥሩ አየር እንዲገባ። ሚያዝያ ሳይገባ ሁለት ቬንትሌተር መሰቀል አለበት። ዋጋውን ከዚራና እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ጠይቄ መጥቻለሁ፣ ማክሰኞ ለወላጅ ኮሚቴው አቀርባለሁ።